የነቢዩ ድምፅና የአክስቴ ግድግዳ

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሲሰበክ ሁሉም ሰው «ይቺ ለእኔ ናት» ይላል። ቄሱ ስለ ዮናስ ያስተማሩ ለት ዓሣ የሚሸጠው ምእመን ተቀይሞ ሁለት እሑድ ቀረ። ዘይት ስላለቀባቸው ቆነጃጅት ያስተማሩ ለት ደግሞ፣ በዚያው ሳምንት ነዳጅ ጨርሳ መንገድ ላይ የቆመች ሴት «ማን ነው ሄዶ የነገራቸው?» ብላ ጓደኞቿን በሙሉ አኮረፈች። ቄሱ ምስኪን፣ ማን ዓሣ እንደሚሸጥ እንኳን አያውቁም።

ከሁሉም የባሰችው ግን አክስቴ ናት። ስለ ትዕቢት ከተሰበከ ቤት እስክንደርስ ዝም ትልና በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች «እንግዲህ እኔ ትዕቢተኛ ነኝ?» ትለኛለች። ዝም ካልኩ «ዝም አልሽ!» ነው። «አይደለሽም» ካልኩ «ልታባብዪኝ ነው?» ነው። ስለዚህ ጫማዬን ቀስ ብዬ መፍታት ተማርኩ።

እኔ አፋር ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ እወዳለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ግን አልሆነልኝም። አክስቴ ወደ ቶሮንቶ ካስመጣችኝ ጀምሮ የምሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው። ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮሁ ዝም ማለቴን ማንም አያውቅብኝም። ቤተ ክርስቲያን ግን ማሽን የለም። እዚያ ሰላም ሲሉኝ ራሴን ብቻ ነበር የምነቀንቀው። ሁልጊዜ ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው አዛውንት ዲዳ መስያቸው ለብዙ ጊዜ ጸበል በጠርሙስ ያመጡልኝ ነበር። እኔም ከማስረዳት መጠጣት ይሻላል ብዬ እጠጣው ነበር።

የምንሰበሰብበት ሕንፃ ከዳንፎርዝ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ማኅበሩ ከገዛው ዓመታት አልፈዋል። የተገዛ ጊዜ ሰው ሁሉ እልል እያለ መዶሻ ይዞ ገባና የታችኛውን አዳራሽ ግድግዳ በአንድ ቅዳሜ አፈረሰው። ማፍረስ ደስ ይላል። መሥራቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ብርድ መከላከያ፣ ያ ሮዝ ጥጥ የሚመስለው፣ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ቀረ። ላስቲኩ በተቀደደበት በኩል የተደገፈ ሰው ሰውነቱን ሲያሳክከው ይውላል። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ እንደታመመ ሰው ይተነፍሳል።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጊዜው ገና ነው።» በረዶ ከሆነ በረዶው ይቅለጥ። ሲሞቅ ሰዉ ሽርሽር ላይ ነው። ከፋሲካ በፊት ጾም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው። የጨከነ ሰው ደግሞ ከጠየቃቸው፣ «ከተማው ራሱ የኤግሊንተንን ባቡር ስንት ዘመን እየሠራ አይደል እንዴ? እኛ ከመንግሥት እንፍጠን?» ይላሉ።

እውነቱን ሁሉም ያውቀዋል። በማኅበራችን አንድ ጎበዝ አናጢ አለ፤ አዳራሹን በነጻ ሊሠራ ቃል ገብቷል። ግን አንዱ «መጀመሪያ የእኔን ቤዝመንት ብቻ» ብሎ ወሰደው። ከቤት ሥር ያለችው ያች ጨለማ ክፍል ተሠርታ ስታበራ ያየ ጎረቤት «እኔስ?» አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ አናጢው ከምድር በታች ከቤት ቤት ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ አክስቴ ጋ ደረሰ።

የአክስቴ ቤዝመንት ማለት የእኔ መኝታ ነው። አናጢው አራቱንም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ እውነተኛ እንጨት አለበሰው። ቀላ ያለ፣ መልካም ሽታ ያለው፣ ሲዳብሱት የሚለሰልስ እንጨት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ከቅዳሴ በኋላ ጎብኚ ማምጣት ጀመረች። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲ ስጠቅም አምስት ስድስት ሰው ይወርዳል። «አትነሺ፣ አትነሺ» ይሉኝና ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኳሉ።

«ላሚኔት አይደለም» ትላለች አክስቴ፣ ማንም ይህ እንጨት አስመሳይ ላሚኔት ነው ሳይላት።

ሚስማር መምታት ክልክል ነው። ማስደገፍ ክልክል ነው። ኮቴን ወለል ላይ ነበር የማስቀምጠው።

እንግዲህ ጾመ ነቢያት ገባ። በየዓመቱ በዚህ ጾም ሰንበት ትምህርት ቤቱ ስለ አንድ ነቢይ ድራማ ያሳያል። የዚያን ዓመት መምህሩ ነቢዩ ሐጌን መረጠ። «አጭር ነው፣ ልጆቹ አይሰለቹም» አለና ታሪኩን ነገረን። ሕዝቡ ከባቢሎን ስደት ወደ ኢየሩሳሌም ይመለሳል። የፈረሰውን ቤተ መቅደስ ለመሥራት በደስታ መሠረት ይጥላል። ከዚያ ይቆማል። ዓመታት ያልፋሉ። ሰዉ የየራሱን ቤት ያሳምራል፤ ስለ ቤተ መቅደሱ ሲጠየቅ ግን «ጊዜው ገና ነው» ይላል። ያኔ ሐጌ ተነሥቶ ይቆጣል።

መምህሩ እዚህ ሲደርስ ሁላችንም ቀና ብለን አዳራሹን አየን። ላስቲኩ ይተነፍሳል።

«ይኸውላችሁ፣ እኛም እንደነሱ ከስደት ተመላሾች ነን» አለ መምህሩ።

«የት ተመለስን?» አሉ እማማ። «ገና መሄዳችን አይደል እንዴ?»

«በመንፈስ ማለቴ ነው፣ እማማ።»

«በመንፈስማ መቼ ወጣሁ? እግሬ ነው እዚህ ያለው፤ እሱም ያመኛል።»

ከልጆቹ አንዷ «ባቢሎን ቶሮንቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጓደኛዋ «ኖ፣ ስካርቦሮ ነው» አለቻት። ሁለቱም የሚኖሩት እዚያው ከከተማው ዳር፣ ስካርቦሮ ነው።

ነቢዩን እንዲሆኑ የተመረጡት ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ናቸው። የተመረጡትም በጢማቸው ነው። እንደዚያ ያለ ጢም በከተማው ውስጥ ሁለተኛ አይገኝም። ቃል መያዝ ግን አይሆንላቸውም። እየነዱ ይለማመዱ ነበር። አንድ ቀን «ልባችሁን መርምሩ!» ብለው ሲያገሱ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ አማርኛ የማያውቅ ሰው፣ «እዚሁ ይበቃኛል» ብሎ በረዶ መሐል ወረደ።

ስለዚህ ጋሼ ሲረሱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሹክ የሚላቸው ሰው ተፈለገ። «ማንበብ ትወዳለች፣ ሹክታ ደግሞ ድምፅ አይፈልግም» ተብሎ እኔ ተመረጥኩ። መጋረጃውንም የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፣ ሆቴሉ ከጣላቸው አንሶላዎች። ከጀርባው መቀመጥ ለእኔ በዓል ነበር፤ ማየት የለ፣ መታየት የለ።

ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ቀን ግን ላብ አጠመቀኝ። መካከሉ ላይ መምህሩ ነቢዩን እጆቹን ወደ ሰማይ አስነሥቶ እንዲህ ያሰኘዋል፦ «እናንተ የቤታችሁን ግድግዳ እንጨት አልብሳችኋል፤ የእግዚአብሔር ቤት ግን ዕርቃኑን ቆሟል! ተራራ ውጡ፣ እንጨት ይዛችሁ ኑ!»

አክስቴ ታየችኝ። አክስቴ ከተቀየመች መመለሻ የላትም። «ፀጉርሽ ዛሬ አጠረ ልበል?» ያለቻትን አብሮ አደጓን ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረቻትም። እኔ በዚህ አገር ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም፤ ከዚያች ክፍል ሌላ መግቢያ የለኝም። ወጥቼ ቤት ልከራይ ብል እንኳን መጀመሪያ አከራዩን ማነጋገር አለብኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ መምህሩን «ይቺን መስመር ብንተዋትስ?» አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ክው አለ። «ትናገሪያለሽ እንዴ?» ካለ በኋላ ጽሑፉን አየት አድርጎ፣ «እሷ ከወጣች ምን ይቀራል? የጋሼ ጢም ብቻ ነው የሚቀረው» አለ።

ራሴን አጽናናሁ። የሚናገሩት ጋሼ ናቸው። እኔ ሹክ ባይ ነኝ። ሹክ ባይን ማን ይቀየማል?

የድራማው እሑድ ጋሼ ድምፃቸው ተዘግቶ መጡ። አፋቸውን ሲከፍቱ ዘይት ያልተቀባ በር የሚመስል ነገር ብቻ ይወጣል። መምህሩ ራሱን ያዘ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። እኔም የሚያየው ሌላ ሰው ካለ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሮዙ ጥጥ ብቻ ነበር።

«አንቺ ታነቢያለሽ፣ እሳቸው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ።»

«እኔ ሴት ነኝ።»

«የሐጌን ድምፅ ማን ሰምቶ ያውቃል?»

«ያውቁኛል።»

«በምን ያውቁሻል? ድምፅሽን እኮ የሰማ ሰው የለም። እኔ ራሴ የሰማሁት ባለፈው ነው።»

እውነቱን ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፄን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷም አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ማይክሮፎኑን ስቀበል ልቤ ቆረጠ፦ ያቺን መስመር እዘላታለሁ።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ለማንበቢያ ብለው ከኋላዬ ያቆሙልኝ አምፖል ጥላዬን አንሶላው ላይ ጥሎት ነበር። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ጢማም ነቢይ፣ ከጀርባው ደግሞ ነጠላ ያጣፋች፣ ወረቀት የያዘች፣ ጣሪያ የምትነካ ሴት ነው። እኔ ግን ተደብቄያለሁ ብዬ አፍንጫዬን እንኳን አክኬያለሁ።

የመጀመሪያው ቃል ቀጭን ሆኖ ወጣ። ጋሼ አፋቸውን እንደ ጉማሬ ከፈቱ። ከዚያ አንድ ሕፃን ጥርት ባለ ድምፅ «ማሚ፣ ነቢዩ ሴት ናት?» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ እንደማልጀምር አውቃለሁና። ሕዝቡ ብዙ ዘርቶ ጥቂት ስለማጨዱ አነበብኩ። ለብሶ ስላለመሞቁ አነበብኩ፤ እዚያ ጋ በአዳራሹ ብርድ የሚንቀጠቀጡት «እውነት ነው!» አሉ። ያቺ መስመር ደረሰች። ዘለልኳት።

ጋሼ ግን አልዘለሏትም። እጃቸውን የሚያነሡት እዚያ ጋ መሆኑን ለምደዋል። ሁለቱን እጆች ወደ ሰማይ ሰቅለው፣ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። እኔ ነቢዩ ለሊቀ ካህናቱ ወደሚናገርበት ክፍል አልፌያለሁ፣ እሳቸው ተሰቅለው ቀርተዋል።

«ልጄ!» የሚል ጩኸት ከፊተኛው ወንበር መጣ። እማማ ናቸው። «ስለ ቤቱ ያለውስ?»

ወደሚቀጥለው ገጽ ገለበጥኩ።

«ስለ እንጨቱ! ዋናውን እኮ ዘለልሽው!»

«እማማ፣ ድራማ ነው» አላቸው አንድ ሰው።

«ድራማ ቢሆንስ ዋናው ይዘለላል? እኚህም ሰውዬ እጃቸው ዛለ!»

በአንሶላዎቹ መጋጠሚያ በኩል ጋሼ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። አሳዘኑኝ። እንግዲህ ያነበብኩት ለነቢዩ ብዬ አይደለም፤ ለጋሼ ክንድ ብዬ ነው። ቶሎ ልገላገላት ብዬ ስቸኩል ደግሞ ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ለጠፍኩት። «እንጨት አልብሳችኋል!» የሚለው ከጣሪያ ወርዶ ላስቲኩን አርገበገበው። እኔ ራሴ ማን ነው የጮኸው ብዬ ደነገጥኩ። ሲያልቅ ጋሼ እጃቸውን አወረዱና በዚያች በተዘጋች ጉሮሯቸው «ተመስገን» አሉ። ይህ ጽሑፉ ላይ የለም።

በመጋጠሚያው አክስቴን ፈለግኳት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ቀጥ ብላ፣ ጥላዬን ታያለች።

ከድራማው በኋላ ሰዉ ሳምቡሳ እየበላ «ልጅቱ ማናት? ከኦታዋ ነው ያስመጧት?» ይባባላል። እኔ አጠገባቸው ባዶ ሳህን እሰበስባለሁ። አክስቴ መኪናዋን አስነሥታ ጠበቀችኝ። ቤት ስንደርስ ጫማዋን አላወለቀችም። ይህን ጊዜ ጉዳዩ የከፋ መሆኑ ገባኝ። በጫማዋ ደረጃውን ወርዳ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች፤ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች።

«ለእኔ ነው» አለች።

«ለሁሉም ነው፣ እትዬ።»

«ሁሉም አልብሷል? ያለበስኩት እኔ ነኝ! እቤቴ አስቀምጬሽ፣ እዚሁ ግድግዳ ሥር እየተኛሽ፣ በማይክሮፎን!»

ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነበር። ብርድ ልብሴ ይገባበት እንደሆነ በዓይኔ ለካሁት።

ይህን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። አክስቴ ስልክ የምታወራው ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ለቃ ነው። የደወለችው የማኅበራችን ሴት ናት፤ እያለቀሰች ነው።

«አየሽ አይደል ምን እንዳደረጉኝ? በሕዝብ ፊት ስለ እኔ ቤዝመንት!»

አክስቴ ቀና አለች። «ስለ አንቺ?»

«በቅርቡ አይደል ያሠራሁት? ማን ነው የነገራቸው?»

«ያንቺ እኮ ላሚኔት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ነቢዩ እንጨት ነው ያለው። ያንቺ የእንጨት ፎቶ ነው!»

ዘጋችው። ሳትተነፍስ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደወሉ። «ይቺ ነገር ለእኔ የተወረወረች ናት። ደረጃዬን በእንጨት አሠርቼ የለ?» አሉ ተክዘው።

«የተባለው ግድግዳ ነው። ስለ ደረጃ ማንም አልተናገረም» አለቻቸው፣ እንዲያውም ቆጣ ብላ።

ስልኩን አልጋው ላይ ወርውራ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን እኔን ትቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። «አየሻቸው?» አለች። «ስድቤን ሊቀሙኝ!»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ለማን ነው የተባለው?»

ሻንጣዬን አየሁ። ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ «ላንቺ ነው» አልኳት።

«ተመስገን!» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

ለእሷ ከሆነ እንጨት መጀመሪያ የምታመጣውም እሷ ናት ማለት ነው። እዚያው እንደተቀመጠች አናጢው ጋ ደወለች። በማግስቱ መፍቻውን ይዞ ሲመጣ «የትኛውን ግድግዳ ልንቀል?» አላት። አክስቴ ክፍሉን ዞራ አየች። የቴሌቪዥኑን ግድግዳ እንግዳ ያየዋል። የደረጃው በኩል ሲገቡ ፊት ለፊት ነው። የመስኮቱ በኩል ብርሃን ያርፍበታል።

«የነቢይቱን» አለች ወደ አልጋዬ እየጠቆመች። «ነቢይ እንጨት በለበሰ ቤት አይተኛም።»

ወሬው ወዲያው ስለተዳረሰ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዳንፎርዝ ወረድ ባለው መንገድ ጣሪያቸው ላይ እንጨት ያሰሩ መኪናዎች ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዱ ሰው ነገሩ ለእሱ መባሉን ለማስመስከር ከጎረቤቱ የበለጠ ጭኗል። ሰብሳቢው ከደረጃቸው የተረፈውን አመጡ። ባለ ላሚኔቷም ላሚኔቷን ይዛ መጣች፤ አክስቴ ከበሩ ጀርባ እንዲመታ አናጢውን ለመነችው። ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩት እማማ ቤዝመንትም እንጨትም የላቸውም። የሽንኩርት መክተፊያቸውን በፌስታል ይዘው መጡ።

«እንጨት አይደለም እንዴ?» አሉ። አናጢው ከመብራት ማብሪያው አጠገብ መታው። ዛሬም እዚያው አለ፤ ጥቂት ይሸታል።

ሲያልቅ ግድግዳው ስድስት ሰባት ዓይነት ቀለም ሆነ። የማን ቤዝመንት የት ጋ እንደሚጀምር ያስታውቃል። የአክስቴ መሐል ላይ፣ ልክ ሰው ቆሞ በሚያየው ቁመት ነው። እማማ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን ሲያዩ እንባቸው ወረደ።

«ደስታ ነው፣ እማማ?» አላቸው መምህሩ።

«ምን ደስታ? አስቀያሚ ነው እንጂ። ያገሬን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይህን ቤት ይለዋል?»

«ያኔም እኮ የድሮውን ቤተ መቅደስ ያዩ ሽማግሌዎች እንዲሁ ከፍቷቸው ነበር። ነቢዩ አይዟችሁ አላቸው።»

«አይዟችሁማ ማንም ይላል» አሉ እማማ። ከዚያ ተነሥተው ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ምንም አላሳከካቸውም። «ግን ይሞቃል» አሉ።

አሁን እኔ የምተኛው እንጨቱ ሲነቀል ብቅ ካለው ሮዝ ጥጥና ላስቲክ ጎን ነው። ነፋስ ሲሆን ግድግዳዬ ይተነፍሳል። አንድ ጥቅም ተገኝቷል፤ ባዶውን በቀረው የግድግዳው ቋሚ እንጨት ላይ ሚስማር መምታት ስለተፈቀደ ኮቴ ተሰቅሏል። ጎብኚም አልቀረም። አክስቴ አሁንም ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይዛ ትወርዳለች፤ የምታሳያቸው ግን የጎደለውን ግድግዳ ነው። «እዚህ ጋ ነበር» ትላለች፣ ቅዱስ ቦታ እንደምታሳይ። «እውነተኛ እንጨት።»

«ያነበበችውም እሷ ናት?» ይሏታል።

«እሷ ናት። ዝም ስትል አትዩዋት፣ ግድግዳ ታስነቅላለች።»

እኔም አሁን «እንደምን ዋላችሁ» እላቸዋለሁ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። እማማም ጸበሉን ትተዋል።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሲል መምህሩ አዲስ ጽሑፍ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ስለ ሌላ ነቢይ ነው፤ ጋሼ ጢማቸውን እያሳደጉ ነው፣ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። እጄን ስዘረጋ አክስቴ ቀደመችኝና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችው። መነጽሯን አደረገች።

«መጀመሪያ እኔ ልየው» አለች። «ሦስት ግድግዳ ነው የቀረን።»